ሸሪፍ በር ሲያንኳኳ

አሜሪካ ውስጥ ሚኔሶታ ግዛት ገጠር፣ ለምሳሌ ዎርዚንግተን አካባቢ፣ የሚኖር አበሻ ሁለት ዓይነት የፖሊስ መኪና ያያል። አንዱ ላይ «ፖሊስ»፣ ሌላው ላይ «ሸሪፍ» ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ፖሊስ የከተማው ነው፤ አዛዡን የሚሾመው የከተማው አስተዳደር ነው። ሸሪፍ ግን የካውንቲው፣ ማለትም ከተሞችንና ገጠሩን አንድ ላይ የያዘው የአስተዳደር ክፍል፣ ነው። ሚኔሶታ 87 ካውንቲዎች አሏት፤ ሸሪፉን በየ4 ዓመቱ የሚመርጠው ሕዝቡ ራሱ ነው። የገጠሩን መንገድና የራሱ ፖሊስ የሌለውን ትንሽ ከተማ የሚጠብቁት የሸሪፉ ምክትሎች ናቸው። ከተማ ውስጥም ቢሆን የማስቆም ሥልጣን አላቸው።

ሰው በጣም የሚደነግጠው ግን ምክትሉ በር አንኳኩቶ ወረቀት ሲሰጠው ነው። አይዟችሁ! የፍርድ ቤት መጥሪያ ማድረስ የሸሪፉ የዘወትር ሥራ ነው፤ መጥሪያ ደግሞ የእስር ማዘዣ አይደለም። በር አልከፍትም ማለት ክሱን አያስቀረውም። ወረቀቱን ተቀበሉና መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የዕዳ ክስ ከሆነ መልስ መስጫው አብዛኛውን ጊዜ 21 ቀን ነው። ከቤት የማስለቀቅ ክስ ከሆነ ግን ቀጠሮው ቶሎ ነው፤ በፍጹም እንዳትቀሩ። አንዴ ከተፈረደባችሁ ምክትሉ ተመልሶ በሩ ላይ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ለመውጣት የሚሰጠው 24 ሰዓት ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ለችሎቱ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ፍርድ ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። አትከፍሉበትም።