ትል ይከተፋል፣ ክትፎ ግን አይሆንም

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዘንግ ይዞ የተቀመጠ ወጣት ካያችሁ፣ አጠገቡ የቆርቆሮ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ቢላዋና ቡናማ የትል ድቁስ አይጠፋም። ስልኩ ላይ የእንግሊዞችን የዓሣ ማጥመድ ውድድር አይቶ የመጣ ነው። ያየው ነገር እውነት ነው፤ እዚያ ከሳልሞንና ከትራውት ውጪ ያሉትን የወንዝና የኩሬ ዓሣዎች የሚያጠምዱ ተወዳዳሪዎች የመሬት ትል በመቀስ ከትፈው፣ ከአፈር ጋር ለውሰው ውኃ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ዓሣው አንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዲቆይላቸው። ያጠመዱትን በመጨረሻ መዝነው ወደ ውኃው ይመልሱታል፤ የሚያሸንፈውም ጠቅላላ ክብደቱ የበለጠ ነው። ችግሩ ከቪዲዮው በኋላ የሚወራው ወሬ ነው።

«ትል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል።» አይሆንም። ራስ ያለበት ክፍል በቂ ርዝመት ከተረፈው አንዳንዴ ጭራ ያበቅላል። የጭራው ቁራጭ ጥቂት ተንፈራግጦ ይሞታል። በመቀስ ትል ያረባ ሰው የለም።

«ቆሮሶ አልጌ በል ነው፣ ትል አይነካም።» ትልቁ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው ውኃው ላይ በሚንሳፈፈው ጥቃቅን አልጌ መሆኑ ልክ ነው። ይህ ማለት ግን አፉ ሥር የወደቀ ትል ያልፋል ማለት አይደለም። ትንንሾቹማ የውኃ ነፍሳት ይበላሉ። ስለ አምባዛ ጭራሽ ክርክር አያስፈልግም፤ በጢሙ እየዳሰሰ የሐይቁን ወለል የሚያስስ፣ በጨለማ የሚበላ ዓሣ ነው። (አምባዛ ፍለጋ ሲመሽ ዳር የምትቀመጡ፣ ጉማሬም ለግጦሽ የሚወጣው በዚያው ሰዓት መሆኑን አትርሱ።)

«ዓሣው ውስጥ የሚገኘው ትል ከማባበያው የመጣ ነው።» ይህን የሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበለት የሚያዩ ሰዎች ይሉታል። ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው፤ ሥጋ ላይ የሚወጣውን፣ ጎመን የሚበላውን፣ ሆድ ውስጥ የሚኖረውንና ከአፈር የሚቆፈረውን ሁሉ ትል እንላለን። ቆሮሶ ውስጥ ልቡ አካባቢ ተጠቅልሎ የሚገኘው ኮንትራሲከም የሚባል ጥገኛ ትል ነው። እንቁላሉ ከዓሣ በል ወፎች ኩስ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት ይውጡታል፣ ዓሣው እነሱን ይበላል፣ ወፉ ደግሞ ዓሣውን። የመሬት ትል በዚህ ዙር ውስጥ እጁ የለበትም። ዓሣ ጥሬውን የምትበሉ ከሆነ ስጋታችሁን ከማባበያው ባልዲ ወደ ሳህኑ አዙሩት።

አሁን ወደ ዋናው። «በጣም ሲደቅ በጣም ይሸታል፤ ሲሸት ዓሣው ይመጣል።» ክዳኑ ላይ ያለው ቡናማ ድቁስ የመጣው ከዚህ እምነት ነው። ትዕግሥት የሚያስጨርሰውም ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ዓሣ ውኃ ውስጥ የሟሟ አሚኖ አሲድ ያሸታል፤ የተቆረጠ ትልም ይህንኑ ያፈሳል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሊጥ እስኪሆን እንከትክተው» ማለት ግን ዶሮ ወጥ በሽታው ይጠራልና እንግዶቹን በሽታው ብቻ እናብላ እንደማለት ነው።

የደቀቀው ትል ውኃ ሲነካ ዳመና ይሆናል። ዳመናው መጀመሪያ የሚጠራው ትንንሾቹን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሮችና ፐርች የሚባሉ ጣት የሚያክሉ ዓሣዎች ይመጣሉ፤ ሐዋሳ ላይ የቆሮሶ ጫጩት። መንጠቆው ላይ ያለውን ለቅመው ይጨርሱታል፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ ስትስቡ ባዶ ነው። ይባስ ብሎ ትልልቆቹም ዳመናውን ተከትለው ከወለሉ ይነሳሉ፤ መንጠቆው ግን ወለሉ ላይ ነው። ሲያልፉ ክሩን በገላቸው ይነካሉ፣ ቡሹ ይሰምጣል፣ ዘንጉን በድንገት ትስባላችሁ፣ ምንም የለም፤ ቢያዝም በሆዱ ወይም በክንፉ ተሰክቶ ነው። ዳመናው ሲበተን ደግሞ ወለሉ ላይ የሚበላ ነገር ስላልቀረ ዓሣው የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ቁራጭ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ይሰምጣል፣ ይቀመጣል፣ ዓሣው አንድ በአንድ እየፈለገ ይለቅመዋል። መንጠቆው ላይ ያለውም ከሌሎቹ ቁራጮች የተለየ አይመስለውም።

መጠኑን በወጥ ቤት ቋንቋ እንነጋገርና እንግባባ። የምትፈልጉት ጎረድ ጎረድ ነው። አንድ እፍኝ ትል ጣሳ ውስጥ አስገቡ፣ መቀሱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አስገብታችሁ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ቁረጡ፤ ጣሳውን አዘንብሉና እዩት። አብዛኛው ቁራጭ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ከሆነ ይበቃል፣ መቀሱን አስቀምጡት። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ምላጭ የትል መቀስ ያላችሁ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ፤ ሰው ልብ ሳይለው ክትፎ የሚሠራው በዚህ መቀስ ነው። ለአምባዛ ትሉን ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ መቁረጥ ይበቃል። እውነተኛ ክትፎ የሚፈቀደው ጠዋት ለመጀመሪያው ውርወራ አንድ ማንኪያ ያህል ነው፣ መጥሪያ እንዲሆን፤ ከዚያ በኋላ የለም። ቢላዋና ክዳኑን ደግሞ እቤት ተዉት። ቢላዋ ትሉን ይጨፈልቀዋል፣ ጭማቂው ክዳኑ ላይ ይቀራል፣ ዝንብ ይሰበስባል። ጣሳ ውስጥ ሲከተፍ ግን ጭማቂው ከትሉ ጋር ወደ አፈሩ ይገባል።

«ማታ ከትፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ።» አታሳድሩት። ትል በሚያስፈልግበት ደቂቃ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይከተፋል። ከትፋችሁ የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ግራጫ ይሆናል፣ ይልመሰመሳል፣ ሽታውም ወደ ብስባሽነት ይዞራል። በሕይወት ያለውም ቢሆን ክዳኑ በተገጠመ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል፤ አንዱ ሲሞት ሌሎቹን ያስከትላል። እርጥብ አፈርና የተቀደደ ካርቶን የተደረገበት ሸክላ፣ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላ ሥር። ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም።

ሳትከትፉ በፊት ግን እጠቡት። የመጣበት ብስባሽ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዓሣውንም አስከትሎ ከቦታችሁ ይወስደዋል። ትሉን ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ሐይቁ ውስጥ ነከር፣ ነቅነቅ፣ አበቃ።

አፈሩን በተመለከተ «ምንም አፈር ይሆናል» የሚለው ሐዋሳ ላይ በተለይ አይሠራም። የአካባቢው አፈር ፑሚስ የበዛበት ነው፤ ያ ነጣ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይንሳፈፋል፣ ከትልና ከአፈር ተለውሶ የሚወረወረውን ኳስም ወለል ሳይደርስ ይበትነዋል። እንግሊዞቹ ፍልፈል የገፋውን አፈር የሚሰበስቡት ጠጠር የሌለውና የላመ ስለሆነ ነው። የእኛ ፍልፈል የእነሱ ዘመድ ባይሆንም የሚገፋው አፈር ያው ነው። ካላገኛችሁ የእንሰት ጓሮ ጥቁር አፈር ነፍታችሁ ተጠቀሙ፤ ወፋፍራሙም ትል የሚገኘው እዚያው ፍግ በሚደፋበት ነው። አንድ ኩባያ ትል ለሦስት ኩባያ አፈር። አስቀድማችሁ አፈሩን አታርጥቡት፤ የትሉ ዝልግልግ ራሱ ያጣብቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለውሱ፣ ውኃ በኋላ በጠብታ። እንቁላል የሚያህል ኳስ አድርጋችሁ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ወለል ደርሶ ከፈረሰ ተስተካክሏል፤ ውኃውን ሲነካ ከፈረሰ ጥቂት ውኃ ጨምሩ፤ ከደቂቃዎች በኋላም ድንጋይ መስሎ ከተቀመጠ አፈር ጨምሩና በቀስታ ጭመቁት።

«ብዙ በተጨመረ ቁጥር ብዙ ዓሣ ይያዛል።» ተወዳዳሪዎቹ አምስት ሰዓት ለሚፈጅ ውድድር አንድ ኪሎ ትል ይዘው ሲመጡ አይታችኋል፤ ግማሹን ይዘው ሲመለሱ ግን ቪዲዮው አያሳይም። እነሱ በመንጋ የሚሄድ ብሪም የሚባል ሆዳም ዓሣ አላቸው። እዚህ ዳር ላይ ሦስት ኳስ ወርውራችሁ ጠብቁ። የሚጨመረው ዓሣ መያዙ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እየያዛችሁ ሳለ የምትወረውሩት ኳስ የመጣውን ያስደነግጣል፣ ያልደነገጠውንም ያጠግባል።

«መንጠቆ ላይ ሙሉ ትል ነው የሚሰካው።» ወለሉ ላይ ቁራጭ በትናችሁ ሙሉ ትል ስታንጠለጥሉ ዓሣው ጭራውን ጎትቶ ይሄዳል። ራስ ያለበትን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ፣ የተቆረጠው ጫፍ አጠገብ አንዴ ብቻ ሰክታችሁ፣ ጫፉ ክፍት እንዲቀር አድርጉ። መንጠቆው 14 ወይም 16 ቁጥር። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 6 ቁጥር ገዝቶ «ትንሹን አመጣሁ» የሚል አይጠፋም።

«የኮምፖስት ቀይ ትል ስለሚገማ ዓሣ ይጠላዋል።» ሲቆረጥ የሚገማ ቢጫ ፈሳሽ ማውጣቱ እውነት ነው፤ ዓሣ ግን መንጠቆ ላይ ሲያገኘው ይበላዋል። ለመክተፍ የጓሮው ይሻላል፣ ወፍራም ስለሆነ።

የተረፈውን ባልዲ «ለዓሣው ይሁን» ብሎ ሐይቅ ውስጥ መድፋት ደግሞ ደግነት አይደለም፤ ነገ እዚያው ቦታ የሚቀመጠው ሰው ጠግቦ የተኛ ዓሣ ያገኛል። በሕይወት ያለው ቀይ ትል ወደ ኮምፖስት ሳጥኑ ይመለስ፤ ከውጭ የመጣ ዝርያ ስለሆነ የትም አይለቀቅም። የተከተፈውን ለዶሮ ስጡ፤ እሷ በክትፎና በጎረድ ጎረድ መካከል አትመርጥም።