ሥነ ምግባር በአዲስ አበባ ዳርቻ ፋብሪካዎች አመራር

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ባሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የሥራ አስኪያጅ ሥነ ምግባር ከሁሉ በፊት የሚታየው በፔሮል (በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎታል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

ስሌቱ አያስቸግርም። የወር ደመወዟ 4,160 ብር የሆነ የስፌት ሠራተኛ፣ ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል፣ በሰዓት 20 ብር ታገኛለች፤ የዕረፍት ቀኗ በሆነው እሑድ 8 ሰዓት ከሠራች 320 ብር ይገባታል። ነገሩ የሚበላሸው ከስሌቱ በፊት ነው። የክፍል አለቃው ሰዓቱን በብጣሽ ወረቀት ይይዝና ወሩ ሲያልቅ በግምት ያስተላልፋል። ትርፍ ሰዓት በተሠራበት ዕለት መመዝገብ፣ ሠራተኛዋም አለቃውም ሊፈርሙበት ይገባል። ማታ የሚያሠራ ድርጅት የሰርቪሱንም መውጫ ሰዓት ያስተካክል፤ ታክሲ በሚጠፋበት ሰፈር ልጅቷን በጨለማ በእግሯ መስደድ በየትኛውም ክፍያ አይካካስም።

የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከሠራተኛው የተቆረጠውን «ለጊዜው» ብሎ ጥሬ ዕቃ መግዣ ማድረግ ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ያ ገንዘብ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ የድርጅቱ አይደለም።

በግዥ በኩል ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም። ሦስቱም ከአንድ ነጋዴ እጅ ሊወጡ ይችላሉ፤ ማኅተሙ ይለያያል፣ የእጅ ጽሕፈቱ ግን አንድ ይሆናል። ፕሮፎርማ የሚያመጣው፣ ዕቃ የሚረከበውና ክፍያ የሚያጸድቀው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ባለቤቱ ወንድሙን ንብረት ክፍል፣ የእህቱን ልጅ ገንዘብ ያዥ ካደረገ ሦስቱ ፊርማዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አመሻሽ ላይ የደረሰ ብረት «ነገ እንመዝነዋለን» ተብሎ ከተራገፈ ደግሞ የጎደለው ኪሎ የት እንደቀረ አይታወቅም።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ላሉት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ዋና ጉዳይ ነው፤ ወደ ታች ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው። ለፍሳሽ ማጣሪያው መብራትና ኬሚካል የተለየ በጀት ካልተያዘለት ገንዘብ ባጠረ ወር መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ይሆናል። የማጣሪያው ፓምፕ የሠራበት ሰዓት በየሳምንቱ ከምርት ክፍሉ ሰዓት ጋር ሲመሳከር ሌሊት ሳይጣራ የተለቀቀው ወዲያው ይታያል።