ጠፍቶ የበራ ስልክ የጣት አሻራ የማይቀበለው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ያየዋል። ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም ስልኩ ከምንጊዜውም ይበልጥ የተጠበቀው ያኔ ነው።

በዛሬዎቹ አይፎኖችና አንድሮይድ ስልኮች ፎቶው፣ መልእክቱ፣ ሰነዱ ሁሉ የሚቀመጠው ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ ነው። ምስጠራውን የሚፈታው ቁልፍ የሚገኘው የይለፍ ቁጥራችሁ በስልኩ ቺፕ ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ምስጢር ጋር ሲጣመር ነው። አሻራም ሆነ ፊት ይህን ቁልፍ ሊፈጥር አይችልም። ስለዚህ ስልኩ እንደበራ፣ ቁጥሩ እስኪገባ ድረስ፣ አብዛኛው መረጃ ለስልኩ ለራሱም አይነበብም።

ቁጥሩን አንዴ ካስገባችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስክሪኑን መልሳችሁ ብትቆልፉትም ብዙዎቹ ቁልፎች በስልኩ ውስጥ ዝግጁ ሆነው ይቆያሉ፤ አለዚያ ተቆልፎ ሳለ የደዋዩን ስም ማሳየት አይችልም ነበር። የሌላ ሰው ስልክ ሰብረው የሚከፍቱ መሣሪያዎችም በአብዛኛው የሚመኩት በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። አፕል በ2024 በአይፎን ስርዓተ ክወናው በአይኦኤስ 18.1፣ ጉግል ደግሞ በ2025፣ ለ3 ቀን ሳይከፈት የቆየ ስልክ በራሱ ጠፍቶ እንዲነሳ የሚያደርግ አሠራር ያመጡት ለዚሁ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ድክመት ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ባለ 4 አሃዝ 10,000 አማራጭ ብቻ ሲኖረው ባለ 6 አሃዙ 1,000,000 አለው። ቺፑ ተደጋጋሚ ሙከራን ያዘገያል እንጂ የልደት ዓመታችሁን ከሚገምት ሰው አያድናችሁም። ስልኩ ከእጃችሁ የሚወጣ ከሆነም ስክሪኑን መቆለፍ ብቻ አይበቃም፤ ቀድማችሁ አጥፉት።