«የኔ ኮንሶል ይበልጣል» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ሁለት ጌመሮች ሲገናኙ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ) ላይ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ «የኔ 12 ቴራፍሎፕ ነው» ብሎ የስሌት አቅሙን ይጠራል። ሌላው «እና ምን ይሁን? የኔ ይፈጥናል» ይላል። እኔም አንድ ሰሞን ቁጥር ብቻ ይዤ ድርቅ ስል ነበር። ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው በዚህ ክርክር የሚሰሙ አባባሎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቴራፍሎፑ የበዛው ያሸንፋል»

በ2020 ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12.15፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 10.28 ቴራፍሎፕ ይዘው ወጡ። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላ የተባለው ጌም እንደወጣ ሲሪስ ኤክስ ላይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ይወርዳል፣ ምስሉም አግድም እየተቆረጠ ይታያል። ፕሌይስቴሽኑ ላይ የተሻለ ረግቶ ይሄድ ነበር። ኤክስቦክሱ ላይ የተሻሻለው በኋላ በአፕዴት ነው።

ቴራፍሎፕ የሚነግረን የግራፊክስ ቺፑ በሰከንድ ሊሠራ የሚችለውን የስሌት ጣሪያ ነው። ጣሪያው ላይ መድረስ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲሪስ ኤክስ 52 የስሌት ክፍሎችን በ1.825 ጊጋኸርዝ ያሠራል። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው 36 ብቻ ነው፤ ግን እስከ 2.23 ጊጋኸርዝ ያስሮጣቸዋል። 52 ሠራተኛ ቀጥሮ ለሁሉም ሥራ ማደል ከባድ ነው። እጁን አጣጥፎ የሚቆም ካለ፣ ጥቂት ግን ፈጣን የሆኑት ይደርሱባቸዋል።

«ስለዚህ ቁጥሩ ባዶ ወሬ ነው»

ይሄም አይደለም። በ2013 ፕሌይስቴሽን 4 1.84፣ ኤክስቦክስ ዋን 1.31 ቴራፍሎፕ ነበራቸው። ኮል ኦፍ ዱቲ ጎስትስ የተባለው ጌም ፕሌይስቴሽኑ ላይ በ1080ፒ፣ ኤክስቦክሱ ላይ በ720ፒ ሪዞሉሽን (ምስሉ በሚሠራባቸው ነጥቦች ወይም ፒክስሎች ብዛት) ወጣ። ልብ በሉ፦ የቺፖቹ ልዩነት 40 በመቶ ገደማ ነው፤ የፒክስሉ ልዩነት ግን ከእጥፍ በላይ። ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት ሜሞሪው ነው። ፕሌይስቴሽኑ በሰከንድ 176 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ የኤክስቦክሱ ዋና ሜሞሪ 68 ብቻ። ለማካካሻ ቺፑ ውስጥ 32 ሜጋባይት ፈጣን ሜሞሪ ተጨምሮለታል። የ1080ፒ ምስል ሲሠራ የሚከማቸውን ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ማጨቅ ግን ለጌም ሠሪዎች ራስ ምታት ነበር።

«ፈጣን ኤስኤስዲ ፍሬም ይጨምራል»

አይጨምርም። ኤስኤስዲ ጌሙ የሚቀመጥበት ማከማቻ ነው፤ የፕሌይስቴሽን 5 በሰከንድ 5.5፣ የሲሪስ ኤክስ 2.4 ጊጋባይት ያነባል። ጥቅሙ ሎዲንግ ላይ፣ ማለትም ጌሙ እስኪጫን በምንጠብቀው ጊዜ ላይ ነው።

«ጌም ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ የግራፊክሱ ነው»

60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት። ፕሮሰሰሩ (ከግራፊክሱ ተለይቶ የጌሙን ሌላ ስሌት የሚሠራው ክፍል) ጌሙ ውስጥ ያለውን የሕዝብ እንቅስቃሴ ለማስላት ብቻ 25 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ ሪዞሉሽኑን ብትቀንሱም ለውጥ የለም። ሜዳ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ ጌም ሰው የሚርመሰመስበት ከተማ ሲገባ ከተንተባተበ፣ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ግራፊክሱ በደንብ አድጓል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ያው የቀድሞው ነው ማለት ይቻላል።

«ደካማ ኮንሶል ላይ ጥራቱን ቀንሶ ማውጣት ነው፣ በቃ»

ሪዞሉሽን ሲሆን እውነት ነው። ሜሞሪ ላይ ሲደርስ ግን ይህ አይሠራም። ደካማው የኤክስቦክስ ሞዴል ሲሪስ ኤስ 10 ጊጋባይት ብቻ አለው፣ ታላቅ ወንድሙ ሲሪስ ኤክስ 16። ባልደርስ ጌት 3 የተባለው ጌም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ መስከረም 2023 በፈረንጆች ሲወጣ ኤክስቦክስ በሲሪስ ኤስ ምክንያት እስከ ታኅሣሥ ጠበቀ። ሲሪስ ኤስ ላይ የወጣውም ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ መጫወት ተቀንሶለት ነው።