«ቤርቦት» ማለት ባዶ ጀልባ አይደለም

በግሪክ ደሴቶች መካከል ለመዘዋወር የሸራ ጀልባ የሚከራዩ ሰዎችን ከሚያደናግሩ ቃላት አንዱ «ቤርቦት» ነው። ጀልባው ያለ ካፒቴን ይከራያል ማለት ነው እንጂ ዕቃውስ ሙሉ ነው፤ መልህቁም ምድጃውም የነፍስ አድን ጃኬቱም አብሮ ይመጣል። የሚነዳውና ኃላፊነቱን የሚሸከመው ግን ተከራዩ ነው።

የግሪክ ሕግ ታዲያ አንድ ሰው ብቻ ማወቁ አይበቃውም። ሁለት ይጠይቃል፤ አንዱ ተቀባይነት ያለው ፈቃድ የያዘ፣ ሌላው ፈቃድ ባይኖረው እንኳ ልምድ እንዳለው በፊርማው የሚያረጋግጥ። ፈቃድ ይዞ የሚነዳው ሰው ቢታመም ወይም ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ጀልባውን መልሶ የሚያመጣ ሰው መኖር አለበት። ስለዚህ እባክዎ ፊርማውን እንደ ወረቀት ማሟያ አይዩት፤ በጁላይና በኦገስት ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ኤጂያን ባሕርን ለቀናት ሲያናውጥ ሁለተኛው ሰው በእውነት ማወቅ ይኖርበታል።

ፈቃዱንም በደንብ ያንብቡት። አይ ሲ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ሞተርንና ሸራን ለየብቻ ይጠቅሳል፤ በእርስዎ ማረጋገጫ ላይ ሞተር ብቻ ከተጻፈ ለሸራ ጀልባ አይሆንም። ቅጂውን ውል ሳይፈርሙ ለአከራዩ ይላኩ፣ ዋናውን ይዘው ይሂዱ።

ይህ ካልተሟላ ካፒቴን መቅጠር ነው። የቀን ክፍያውን ሁሉም ያስባል፤ የሚረሳው አልጋው ነው። ባለ 3 ክፍል ጀልባ በ6 ሰው ከሞላ ካፒቴኑ የት ይተኛል? ጀልባው እንዲጭን ከተፈቀደለት የሰው ቁጥር ውስጥም እሱ ይቆጠራል፤ ምግቡም አብዛኛውን ጊዜ በተከራዩ ነው።