የመጀመሪያ ቤታችሁን በገዛ እጃችሁ ልታድሱ ነው? ደብረ ብርሃን ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያ ቤቴን ገዝቼ የገባሁት በጥቅምት ነው። ፊት ለፊት ሁለት የብሎኬት ክፍል፣ ከኋላ አንድ የቆየ የእንጨትና የጭቃ ክፍል አለው፤ ጣሪያው በሙሉ ቆርቆሮ ነው። ቁልፉን በተረከብኩ በሳምንቱ ምክር የማይሰጠኝ ሰው ጠፋ። ቡና ሊጠጣ የገባ ሁሉ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል፣ አንድ ነገር ተናግሮ ይወጣል። ከተባልኩት ግማሹን አምኜ ሠራሁ፤ ከሠራሁት ደግሞ ጥቂት የማይባለውን አፍርሼ ደገምኩት። ከታች ያሉት ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔ ራሴ ለሌላ ሰው መክሬያለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።

“ከሳሎን ጀምር፤ እንግዳ የሚያየው እሱን ነው”

ይህን ሰምቼ በኅዳር ሳሎኑን ክሬም ቀለም ቀባሁት። ሰው ሁሉ “እንኳን ደስ አለህ፣ አማረብህ” አለኝ። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሲጥል ከአሸንዳው መገጣጠሚያ ያመለጠ ውሃ በግድግዳው አናት ገብቶ ክሬሙ ላይ የሻይ ቀለም ያለው መስመር እያወረደ ወለል ደረሰ።

እድሳት የሚጀመረው ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ የግቢው ውሃ መሄጃ፣ ከዚያ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት ሽቦና ቧንቧ፣ ከዚያ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል። ቀለም የመጨረሻው ነው። ብሩ ሁሉንም ባይችል እንኳ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ሳሎኑ ግራጫ ሆኖ አንድ ዓመት ቢቆይ ማንም አይሞትም።

ከቻላችሁ ደግሞ ትልቁን ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ክረምት ኑሩበት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሁሉም ወደ ቤት ሲሮጥ እናንተ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ቤቱን ዙሩት። እኔ ስዞር ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየመታ የጭቃውን ክፍል ግድግዳ እስከ ጉልበቴ ድረስ ሲረጨው አየሁ። ከምድጃ ከሰል አንስቼ በከፍታው ልክ አሰመርኩ። ከዚያ በፊት “ይሄ ግድግዳ ከሥሩ ለምን ይረግፋል?” እያልኩ ስለሰነው ነበር የከረምኩት። የጎደለው ልስን ሳይሆን አሸንዳ ነው።

“ከኮርኒሱ ከተንጠባጠበ ቆርቆሮው ተበስቷል”

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። በማግስቱም እንዲሁ። ሬንጅ ገዝቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ቀዳዳ የመሰለኝን ሁሉ ለቀለቅኩ፤ ስወርድ ሁለት ቆርቆሮ በእግሬ አጉብጬ ነበር። ጠብታው አልቆመም። በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ ጠራሁ። ወደ ጣሪያው እንኳ አልወጡም።

“ዝናብ የጣለው መቼ ነው?”

“ከጥቅምት ወዲህ አልጣለም፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ውሃውን ከየት አመጣኸው? ይሄ ሌሊት የተነፈሳችሁትና ማታ የቀቀላችሁት ነው፣ ልጄ።”

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሰማዩ በጠራ የበጋ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ከቤት ውስጥ የሚወጣው ሞቃት እንፋሎት፣ የወጡም፣ የሻወሩም፣ የአራት ሰው ትንፋሽም፣ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ድስት ክዳን ሥር እንደሚያልበው ማለት ነው። መለየቱ አይከብድም። ቀዳዳ ከሆነ ዝናብ ሲጥል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያፈሳል፣ ኮርኒሱ ላይም ቡናማ ክብ ይተዋል። የእንፋሎት ውሃ ከሆነ ግን ውርጭ ባደረበት ጠዋት በየሚስማሩ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታሞቀው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ይጠፋል። መድኃኒቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ማሳለፍ ነው፤ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች ቀዳዳ ከፍቶ ለወፍና ለአይጥ የወንፊት ሽቦ መምታት። የወጥ ቤቱም እንፋሎት በመስኮት ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ነው እንጂ ወደ ኮርኒስ መላክ አይደለም።

የግድ ጣሪያ ላይ የምትወጡ ከሆነ የሚስማሩን መስመር ተከትላችሁ እርገጡ፤ ከሥሩ ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት፣ ሞራሌ፣ ያለው እዚያ ነው። ሞገድ ባለው ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ፣ ከነጎማው ነው። ሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃው የሚሄደው በዚያ ስለሆነ ጎማው ባረጀ ቀን ያፈሳል። አዲስ ስትገዙ ደግሞ የጌጁ ቁጥር እንዳያሳስታችሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። እኔ “ትልቁን ስጠኝ” ብዬ የሱቁን ልጅ አስቄዋለሁ።

“ቀዳዳውን ሁሉ ድፈን፣ ቤቱ ይሞቃል”

ብርዱን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። በር ሥር የሚገባውን ነፋስ በጎማ መዝጋት፣ የተሰነጠቀ መስታወት መቀየር፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀል ጥሩ ነው። ግን ቤቱን እንደ ጠርሙስ አሽጎ ከሰል ማስገባት ይገድላል። “ከሰሉ ከፋመ፣ ጭሱ ከጠፋ አይጎዳም” የሚለው ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምርም ይወጣል። ጨው መነስነስ፣ ውሃ በሰሃን ማስቀመጥ አያጠፋውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው “ደክሞኝ ነው” ብሎ ከተኛ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ስታድሱ ከጣሪያ አጠገብ ያለችውን የአየር መግቢያ አትድፈኑ፤ ከሰል ደግሞ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። ለሙቀቱ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር ማንጠፍ ይሻላል፤ የቤቱ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በስስ ቆርቆሮው በኩል ነው።

“ስንጥቅ በጂፕሰም ይደፈናል”

ይደፈናል፤ በዓመቱ ተመልሶ ይከፈታል። የደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ሸኖ፣ እነዋሪ፣ ብዙው መሬት መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሜዳ ላይ አይታችኋል። ቤታችሁ የተቀመጠው በዚህ በሚተነፍስ መሬት ላይ ነው። አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ይቀራል፤ ግድግዳውም ደካማ ቦታው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል።

ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስጨንቅም። የአንድ ብር ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው ከሰፋ፣ በሩም በወቅት እየጠበቀና እየላላ ከመጣ ግን ጉዳዩ ከመሠረቱ ነው። ከመድፈናችሁ በፊት ለኩት። እኔ በየካቲት በስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ በእርሳስ አሰመርኩና ቀኑን ጻፍኩ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጂፕሰም እንደ ድልድይ ለጠፍኩ። በግንቦት ድልድዩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ስንጥቁም ከእርሳሱ መስመር አንድ ስንዝር አልፎ ነበር። በነሐሴ ደግሞ ተመልሶ ጠበበ። ያኔ ነው ጠላቴ ግድግዳው ሳይሆን የአፈሩ መርጠብና መድረቅ እንደሆነ የገባኝ።

የሞረትና ጅሩ ገበሬ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ ስንዴውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ዘርቶ የተረፈውን ውሃ በቦይ ያስወጣል። ቤትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳና በቧንቧ ተሰብስቦ ከቤቱ ይራቅ፣ በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ የሚያዘነብል አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራ። ግድግዳ ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለም ጠርጥሩት፤ በበጋ አፈሩን መጥጦ ያደርቀዋል። አትክልት እያጠጡ መሠረቱን ማርጠብም ያው ችግሩ ነው። ስንጥቁ ይህ ሁሉ ተደርጎም እየሰፋ ከሄደ መሐንዲስ ጥሩ፤ ይህ የመዶሻና የማንኪያ ሥራ አይደለም።

“የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ብሎኬት ይሆናል”

አይሆንም። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል፣ በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው። ሁለቱ አይያያዙም፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። አንድ ቀን ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ሲወድቅ ከኋላው ዱቄት የሆነ ቋሚ ታያላችሁ። የኋላ ክፍሌን ሲሚንቶ አንኳኩቼ ሳነሳ ያየሁት ይህንኑ ነው። ደህናው ዘዴ የአያቶቻችን ነው፦ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ለቀናት ማሰንበት፣ መመረግ፣ ሲደርቅ የተሰነጠቀውን በቀጭን ጭቃ መሙላት። የግድ ሲሚንቶ ካላችሁ እንጨቱ ላይ የዶሮ ሽቦ መትታችሁ እሱ ይያዘው። የግድግዳውን ሥር ከመሬት የሚያነሳ የድንጋይ መሠረት ከሌለው ግን የትኛውም ልስን አያዋጣም።

“በጋ ከገባ ሁሉም ቀን የሲሚንቶ ቀን ነው”

ቆላ ላለው ለሸዋ ሮቢት ሰው ፀሐዩ ነው ፈተናው። እኛ ጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይና ነፋስ ነው። ትኩስ ልስን ሌሊት ከበረደ በውስጡ ያለው ውሃ ሊረጋና ሊያፈራርሰው ይችላል፤ ቀን ደግሞ ሳይጠነክር ይደርቃል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ጀምራችሁ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብላችሁ አቁሙ፣ ሌሊት በላስቲክና በጆንያ ሸፍኑ፣ ቀን ቀን ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው።

ዋጋው ይጨምራል ብሎ ሲሚንቶ ማከማቸትም አለ። ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል፤ ሦስት ወር ካለፈው ኃይሉ ይቀንሳል። በጣት ሲጨመቅ የማይፈርስ ጓል ካለው ለመሠረትና ለቢም፣ ማለትም ለኮንክሪት አግዳሚ፣ አይሁን። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ወለል ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ ደርድሩት።

“ብሬከሩ እየጣለ ካስቸገረ በትልቅ ቀይረው”

ይህን የሚመክራችሁን ሰው ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት። ብሬከሩ የሚጥለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ይህን ስትጭኑ ሽቦው በልስኑ ውስጥ ይግላል፤ ብሬከሩን ካሳደጋችሁት የሚያስቆመው የለም። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ ይፈልጋል። አምፖልና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳን ዋናውን አጥፍታችሁ ቀይሩ፤ ከዚያ ያለፈውን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። ቆጣሪውን ጨርሶ አትንኩ።

“ይህችን ግድግዳ ብታነሳት ሳሎኑ ይሰፋል”

ኮለን (የኮንክሪት ቋሚ) እና ቢም በሌለው የብሎኬት ቤት ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ሊሆን ይችላል። ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው ቶፕ ታይ ቢም መኖሩን ሳታዩ መዶሻ አታንሱ። አካባቢያችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ በኩል የመጣውንም ብዙዎቻችን አልጋ ላይ ሆነን ሰምተነዋል። “ፈቃድ ለአዲስ ቤት ብቻ ነው” የሚለውም አይሠራም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነባር ሕንፃ ማሻሻልንም ግንባታ ብሎ ነበር የቆጠረው። ለቀለም ማንም አይጠይቃችሁም። ግድግዳ ለማንሳት ወይም ክፍል ለመጨመር ግን ካርታችሁን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

“በራስ እጅ መሥራት ሁልጊዜ ይረክሳል”

ለቀለም፣ ለበር ማጠፊያ፣ አሸንዳ ለመጥረግ፣ የመስኮት ዳር ለመድፈን አዎ። ሴራሚክ ለማንጠፍ ግን መቁረጫ ገዝቼ፣ ሰባት ሴራሚክ ሰብሬ፣ የሻወሩን ወለል ወደ ፍሳሹ ሳይሆን ወደ በሩ አዘንብዬ፣ በመጨረሻ ባለሙያ ጠርቼ እንደ አዲስ ከፍያለሁ። ያስወጣኝን ሁሉ ስደምረው መጀመሪያ የተጠየቅኩትን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ቢያንስ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 44.8 ካሬ ነው። የበሩንና የመስኮቱን አራት ካሬ ያህል ቀንሱ፣ 41 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 82። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ አሥር ካሬ ገደማ ስለሚሸፍን ስምንት ሊትር ከትንሽ ትርፍ ጋር ይበቃል፤ አዲስ ልስን ከሆነ ስለሚጠጣ ጨመር አድርጉ። እኔ ሳልለካ ሁለት ትልልቅ ባልዲ ገዛሁ። ሁለተኛው እስካሁን ከኋላ ክፍል ነው፤ ክዳኑ ላይ ድመቷ ትተኛበታለች።