ሮቶሞልዲንግ ምንድን ነው?

ሮቶሞልዲንግ ሮቶ የምንለው የውሃ ታንከር የሚሠራበት ዘዴ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በተጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ሻጋታው (ቅርጽ ማውጫው) በኃይል ይሽከረከርና ፕላስቲኩን ወርውሮ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል።» ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ ከደገመ በኋላ «ሮቶ ከጄሪካን የሚጠነክረው ለዚህ ነው» ሲል ደመደመ። ሁለቱም ስህተት ነው።

የሮቶ ሻጋታ ቀርፋፋ ነው፤ በደቂቃ 20 ዙር እንኳ ለትልቅ ታንከር ብዙ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመሃሉ እስከ ግድግዳው 1 ሜትር የሆነ ሻጋታ በደቂቃ 10 ጊዜ ቢዞር፣ ሴንትሪፉጋል የሚባለው፣ ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል የመሬት ስበትን አንድ ዘጠነኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ ዱቄትን ወደ ላይ አንሥቶ የሚይዝ አቅም አይደለም።

የሚለጥፈው ሙቀት ነው። ተመዝኖ የገባው የፖሊኢትሊን (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ዱቄት ክብደቱ ስለሚስበው ሁልጊዜ ከሥር ነው፤ የጋለው ግድግዳ በሥሩ ሲያልፍ ስስ ንብርብር ይዞ ይሄዳል። ጀበና ስናለቀልቅ የምናደርገው ይኸው ነው። ውሃው ታች እንዳለ ጀበናውን ቀስ ብለን እናዞረዋለን፣ ግድግዳው ሁሉ በተራ ይነከራል። ማዞር ብቻ ግን አንገቱን አያዳርስም፤ ማዘንበልም ያስፈልጋል። ሻጋታውም በሁለት አቅጣጫ የሚዞረው ለዚህ ነው። የጀበና አንገት ጠባብ ከሆነ ውሃው እንደሚያስቸግረው ሁሉ፣ ሻጋታው ጠባብ ስንጥቅ ካለው ዱቄቱ አፉ ላይ ተጋግሮ ውስጡን ባዶ ይተወዋል።

ጄሪካን ሌላ ዓለም ነው። የቀለጠ የፕላስቲክ ቱቦ በሁለት የሻጋታ ግማሾች መካከል ይያዝና አየር ይነፋበታል። ገልብጣችሁ እዩት፤ ቱቦው የተቆነጠጠበት መስመር ከሥሩ አለ። የውሃ ሃይላንድ ደግሞ መጀመሪያ በኢንጄክሽን፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ወደ ሻጋታ ገብቶ፣ እንደ ወፍራም ብልቃጥ ተሠርቶ፣ እንደገና ሞቆ፣ በዘንግ ተስቦ ነው የሚነፋው፤ ከሥሩ መሃል ላይ ያለችው ነጥብ ፕላስቲኩ የገባባት ናት። የሚነፋ ዕቃ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ በጣም ስለሚለጠጥ እዚያው ይሳሳል። ሮቶ ግን ወደ ውጭ የወጣ ማዕዘኑ ላይ ይወፍራል።

ስለዚህ የሮቶ ውፍረት የሚወሰነው በፍጥነት ሳይሆን በገባው ዱቄት ክብደት ነው። በዚያው ሻጋታ ስስም ወፍራምም ታንከር ይወጣል፤ ገዢ ከሊትሩ ጋር የባዶውን ታንከር ኪሎ መጠየቅ አለበት።

ኪሎም ብቻውን አይበቃም። እዚህ ሥራ ላይ ፕላስቲኩን የሚጫን ግፊት ስለሌለ በዱቄቱ መካከል የቀረው አየር የሚጠፋው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ያልበሰለ ግድግዳ ሲቆረጥ በጥቃቅን አረፋ የተሞላ ነው፤ ያረረው ደግሞ ውስጡ ወይቦ ይሰባበራል። ሁለቱም በተራ ሙቀት ሲመቱ ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። በሙያው ናሙናው እስከ -40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዞ ክብደት የሚጣልበትም ለዚህ ነው።